ፈሳሽ እርሾ፦ ከኮፐንሃገን ቤተ ሙከራ እስከ ጀማሪው ጠማቂ ፍሪጅ

በአማርኛ «እርሾ» ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ውሃ ነው። ከቡኮው ላይ የጠለለ፣ ቢጫ ቢጫ የሚል፣ ሽታው አፍንጫ የሚቆነጥጥ ውሃ። ለሚቀጥለው ሊጥ በትንሽ ዕቃ ይቀመጣል፤ ያለቀባት ከጎረቤት ትዋሳለች። ታሽጎ ከሱቅ የሚገዛው ደቃቅ፣ ፍሬ መሳይ እርሾ ዘግይቶ ከዳቦ ጋር የመጣ እንግዳ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ቤታቸው ውስጥ ቢራ ለሚጠምቁ ሰዎች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እነሱ ዘንድ ጀማሪ የሚነሳው ከደረቁ ነው። ፈሳሹ ውድ፣ ቶሎ የሚበላሽና ቅምጥል ተደርጎ ይታያል። «እጅህን ካፍታታህ በኋላ ትደርስበታለህ» ይባላል።

የሰው ልጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበለው የኖረው ፈሳሹ ነው። ታዲያ እንዴት ተገልብጦ ፈሳሹ የአዋቂ፣ ደረቁ የጀማሪ ሆነ? ታሪኩ ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ የቤት ቀለም ቀቢ የነበረ ሰው አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1516 የባቫሪያ መሳፍንት ቢራ ከምን ከምን እንደሚሠራ በሕግ ሲደነግጉ ውሃ፣ ገብስና ሆፕስ ብለው አበቁ። ሆፕስ በእነሱ ቢራ ውስጥ የጌሾን ቦታ የያዘ መራራ አበባ ነው። እርሾ የሚል ቃል በሕጉ ውስጥ የለም። ጠማቂዎቹ አያውቁትም ማለት ግን አይደለም፤ ከበርሜሉ ሥር የተረፈውን አተላ ለሚቀጥለው ጥምቅ ይጨምሩት ነበር። ያላወቁት ምንነቱን ነው። የኖርዌይ ገበሬዎች ደግሞ «ክቫይክ» የሚሉትን የቤት እርሾ አንዳንዴ በፈሳሽነቱ፣ አንዳንዴም ከእንጨት በተሠራ ቀለበት ላይ አድርቀው ያቆዩት ነበር። የሞተበት ሰው ከጎረቤቱ ይወስዳል። እኛ አገር ጠላ ጠማቂዋ ለብቻው «እርሾ» ብላ የምትጨምረው ነገር የለም። ጋኑን በግራዋ ታጥባለች፣ በወይራ ታጥናለች፣ ጌሾና ብቅል በውሃ ትጠነስሳለች። የቀረውን ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ግድግዳ ጋር የመጡ፣ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ይሠሩታል።

እነዚህን ፍጥረታት መጀመሪያ ያየው ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌውንሁክ ነው። በ1680 ከቢራ ውስጥ ድብልብል ጥቃቅን ነገሮች በማጉያ መስታወቱ ተመልክቶ ጻፈ። ሕይወት እንዳላቸው ግን አልጠረጠረም፤ ለዚያ ሌላ 150 ዓመት ያህል ፈጀ። በ1837 ገደማ ፈረንሳዊው ካኛር ደ ላ ቱር፣ ጀርመናውያኑ ቴዎዶር ሽቫንና ፍሪድሪክ ኩትሲንግ ሳይመካከሩ እርሾ ሕያው ነው አሉ። የዘመኑ የኬሚስትሪ አለቆች ሳቁባቸው። በ1839 ሊቢግና ቮለር ከሚያዘጋጁት መጽሔት ላይ የጸሐፊ ስም የሌለው ስላቅ ወጣ። በማይክሮስኮፕ የታየችው የእርሾ እንስሳ በአፏ ስኳር ትበላለች፣ ከኋላዋ አልኮል ትጥላለች፣ በሽንት መሽኛዋ ደግሞ ጋዝ ትለቃለች የሚል። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ከቀልዱ ላይ ብልግናው ሲነሳለት የሚቀረው እውነት ነው። እርሾ ስኳር ትበላለች፣ አልኮልና ጋዝ ትጥላለች። ሳቂዎቹ ሳያውቁት ትክክለኛውን ጽፈውታል።

ክርክሩን ከሞላ ጎደል የዘጋው ሉዊ ፓስተር ነበር። ፓስተር ቢራ ብዙም የሚወድ ሰው አልነበረም። ፈረንሳይ በ1870 እና 71 ጦርነት በጀርመን ከተሸነፈች በኋላ ግን በንዴት ተነስቶ፣ ጀርመንን በገዛ ሙያዋ ሊበልጣት አሰበ። በ1871 ለንደን ወደሚገኘው ዊትብሬድ ጠመቃ ጎራ ብሎ እርሾአቸውን አሳዩኝ አለ። በማይክሮስኮፕ አየውና ውስጡ የማይፈለግ ነገር እንዳለበት ነገራቸው። ሰዎቹ ሳምንት ሳይሞላ የራሳቸውን ማይክሮስኮፕ ገዙ። በ1876 ባሳተመው የቢራ ጥናቱ ቢራን የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች ናቸው አለ፤ እርሾው ንጹሕ ከሆነ ቢራውም ደኅና ይሆናል።

ግን «ንጹሕ እርሾ» ማለት ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ ወደ ዴንማርክ እንሻገር።

የኮፐንሃገኑ ጠማቂ ያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን በ1845 ሙኒክ ድረስ ሄዶ፣ ሽፓተን ከሚባለው ጠመቃ እርሾ ይዞ ተመለሰ። ይህ እርሾ በብርድ ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ ሥራውንም ሲጨርስ ወደ በርሜሉ ሥር የሚዘቅጥ ዓይነት ነው፤ ዛሬ «ላገር» የሚባለው ቢራ የሚሠራበት። መንገዱ ሺህ ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ፍሪጅ የለም፣ ሙቀት ደግሞ እርሾውን ይገድለዋል። እንደሚተረከው ያኮብሰን ሠረገላው በቆመ ቁጥር እየወረደ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈስበት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1847፣ ካርልስበርግን መሠረተ። ስሙን የወሰደው ከልጁ ከካርል ነው። ዛሬ ፈሳሽ እርሾ በፖስታ አዝዞ፣ በሐምሌ ሙቀት መንገድ ላይ ሞቶብኝ ይሆን እያለ ደጅ ደጁን የሚያይ ጀማሪ የያኮብሰን ጭንቀት ወራሽ ነው።

ያኮብሰን በ1875 ከጠመቃው ጎን ቤተ ሙከራ ከፈተ። ከደንቡ ውስጥ አንዱ የሚያስገርም ነው፦ ቤተ ሙከራው የሚያገኘው ጠቃሚ ውጤት ሁሉ በምስጢር ሊያዝ አይችልም። ነጋዴ የገዛ ሙያውን ምስጢር እንዳይደብቅ ራሱን በደንብ ሲያስር ማየት ያልተለመደ ነው።

ወደዚህ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን መጣ። በ1842 ሪበ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ፣ ወጣትነቱን ቤት በመቀባት ያሳለፈ፣ ትምህርቱን ዘግይቶ በብዙ ጥረት የጨረሰ ሰው ነው። ዳርዊን ቢግል በተባለችው መርከብ ያደረገውን ጉዞ ወደ ዴንማርክኛ ከመለሱት ሁለት ሰዎች አንዱም እሱ ነው። ይህ ነገር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ዳርዊንን የተረጎመ ሰው እርሾን ሲያይ አንድ ወጥ ነገር ሳይሆን ዘርና ዝርያ ይታየዋል።

በ1883 የካርልስበርግ ቢራ ታመመ። መረረ፣ ሸተተ። የፓስተር መጽሐፍ «ባክቴሪያ ፈልጉ» ይላል። ሃንሰን ሌላ ነገር ጠረጠረ፤ በሽታው ራሱ እርሾ ቢሆንስ? በጠመቃው እርሾ ውስጥ ጥሩ ቢራ ከሚሠራው ጋር ተቀላቅለው የሚኖሩ፣ መልካቸው ከእሱ የማይለይ የዱር እርሾዎች ቢኖሩስ? በዓይን መለየት ካልተቻለ መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፦ ከአንዲት ህዋስ መነሳት።

ዘዴውን ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ጥቂት እርሾ በውሃ ያቀጥናል፣ ያቀጠነውን ደግሞ ያቀጥናል፣ አንዲት ጠብታ ውስጥ አንዲት ህዋስ ብቻ እስክትቀር ድረስ። ያቺን ህዋስ ለብቻዋ በንጹሕ ምግብ ላይ ያስቀምጣታል። አንዷ ሁለት ትሆናለች፣ ሁለቱ አራት፣ እያለ ጭፍራ ይሆናል። ከጭፍራው ወደ ትንሽ ብልቃጥ፣ ከብልቃጡ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁ ወደ በርሜል። በርሜሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ መሃላቸው ባዕድ የለም። ኖቬምበር 12 ቀን 1883 ከአንዲት ህዋስ የተራባው እርሾ በካርልስበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእውነተኛ ጥምቅ ዋለ። ቢራው ዳነ።

ያኮብሰን በደንቡ ጸና። ዘዴው ታትሞ ወጣ፣ እርሾው ራሱም ለጠየቁ ጠማቂዎች በነፃ ተላከ። ተፎካካሪ ነው አልተባለም። እሱ ራሱ ከሙኒክ የወሰደውን መልሶ ለዓለም ሰጠ ማለት ይቻላል። ላገር ቢራ በየአህጉሩ ለመስፋፋቱ በረዶ የሚሠራው ማሽንና ባቡሩ ትልቅ ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ያለዚህ እርሾና ያለዚህ ዘዴ እንዲህ አንድ ዓይነት ጣዕም ይዞ አይዘልቅም ነበር። አዲስ አበባ ላይ በ1922 የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራም የላገር ወገን ነው።

የሃንሰን ድል ዋጋም ነበረው፤ እሱን ዘለው የሚያልፉ ታሪክ ጸሐፊዎች አይገቡኝም። የእንግሊዝ ጠማቂዎች የነጠላ ህዋስ እርሾ ሲሞክሩ፣ ለወራት ተኝቶ የሚበስለው ጠንካራ ቢራቸው የለመደውን ጣዕም አጣ። ምክንያቱን ያገኘው ራሱ የካርልስበርግ ሰው ነው። ክላውሰን የተባለ ተመራማሪ በ1904 ያንን ጣዕም የሚሰጠው ሌላ የእርሾ ዓይነት መሆኑን አሳየና «ብሬታኖማይሲስ» አለው፤ የእንግሊዝ እርሾ ማለቱ ነው። ማለትም አንዱ ጠመቃ እንደ በሽታ የሚያባርረው፣ ሌላው ጋ የቤቱ ማዕረግ ነበር። ጠላችንም በዚህ ዓይን ሲታይ ጉባኤ ነው። እርሾዎችና ጎምዛዛ ያደረጉት ባክቴሪያዎች አብረው የሠሩት ነውና፣ ከውስጡ አንዲት ህዋስ ብቻ መርጠን ብናራባ የምናገኘው ሌላ መጠጥ ነው።

አሁን ወደ ቤት ጠማቂዎቹ። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 አልኮል በሕግ ተከለከለ። ክልከላው ሲነሳ ወይን ቤት ውስጥ መሥራት ተፈቀደ፤ ቢራ ግን ከሕጉ ሳይገባ ቀረ። 45 ዓመት ያህል እንደዚሁ ተኖረ። በብሪታንያ የቤት ጠመቃ ፈቃድ በ1963 ሲሻር፣ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካርተር ነገሩን ያስተካከለውን ሕግ የፈረሙት በኦክቶበር 1978 ነው። አንድ አዋቂ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት እስከ 200 ጋሎን መጥመቅ ቻለ። 200 ጋሎን 750 ሊትር ያልፋል፤ ለአንድ ደኅና ሠርግ ይበቃል።

ሕጉ ተፈቀደ፣ እርሾው ግን አልነበረም። የዚያን ጊዜ ጀማሪ የሚያገኘው በቆርቆሮ የታሸገ የብቅል ጭማቂ ነው፤ ከክዳኑ ሥር አንዲት የደረቅ እርሾ ፓኬት ተለጥፋ ትመጣለች። ፓኬቷ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስንት ወር እንደቆየች አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜም ባክቴሪያ ይገኝባት ነበር። ደረቅ እርሾ በጀማሪ አፍ ስሙ የጠፋው ያኔ ነው፤ ያ ስም እስከ ዛሬ በቅጡ አልተፋቀለትም።

ክፍተቱን ያዩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። በ1986 በኦሪገን ዋይስት፣ በ1995 በሳንዲያጎ ዋይት ላብስ ተመሠረቱ። ሁለቱም የሃንሰንን መንገድ ተከተሉ፦ ዝርያውን ከነጠላ ጭፍራ ማራባት፣ በፈሳሹ ማሸግ፣ ቀዝቃዛ ይዞ መላክ። የዋይስት ከረጢት በውስጡ ሌላ ትንሽ ከረጢት አለው፣ የእርሾ ምግብ የያዘ። ጀማሪው በመዳፉ ጠበቅ አድርጎ መትቶ ያፈነዳዋል፤ እርሾው ምግቡን ሲያገኝ ጋዝ ይለቅና ከረጢቱ እንደ ተነፋ ፊኛ ይወጠራል። ካልተወጠረ የጀማሪው ልብ ይሰበራል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዘግይቶ ነው እንጂ አልሞተም። ዋይት ላብስ በበኩሉ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመው ወደ ለስላሳ ጠርሙስ ከመነፋቱ በፊት ያለውን የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። ሳያስተነፍስ ክዳኑን የከፈተ ሰው እርሾውን ከግድግዳው ላይ ሲጠርግ ያመሻል።

ፈሳሹን ከደረቁ ያስበለጠው ምርጫው ነው። ለማድረቅ የማይመቹ፣ ሲደርቁ የሚሞቱ ወይም ጠባያቸው የሚለወጥ ዝርያዎች ብዙ ናቸው። አንድ ጀማሪ ከአንድ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ ሙዝ ሙዝ የሚሸተውን የባቫሪያ የስንዴ ቢራ እርሾ፣ ቅመም ቅመም የሚለውን የቤልጅየም፣ ድምፁ የማይሰማውን ንጹሕ የካሊፎርኒያ እርሾ ማግኘት ቻለ። ተመሳሳዩን የብቅል ውሃ ለሁለት ከፍሎ ሁለት ዓይነት እርሾ ቢያደርግበት ሁለት የማይዛመዱ ቢራዎች ያገኛል። ይህን አንዴ በምላሱ ያየ ሰው ቢራን የሚሠራው ሰው ነው ብሎ ለመመጻደቅ ይቸገራል።

ችግሩ ቁጥሩ ነው። አንድ ከረጢት አዲስ ሲሆን 100 ቢሊዮን ገደማ ህዋሶች ይይዛል። ለ20 ሊትር መካከለኛ ቢራ ጠማቂዎች የሚመክሩት ግን 180 ቢሊዮን ያህል ነው፤ ለላገር የዚያ እጥፍ። በዚያ ላይ ከረጢቱ በቆየ ቁጥር ህዋሶቹ ያልቃሉ። የተለመደው የእጅ ስሌት፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥም በየወሩ አንድ አምስተኛው ይሞታል የሚል ነው። ስለዚህ ጀማሪው ጥንስስ መጠንሰስ ይኖርበታል። እነሱ የሚሉት ሌላ ነው፤ ሥራው ግን የእኛው ጥንስስ ነው። 1 ሊትር ውሃና 100 ግራም የብቅል ዱቄት አፍልቶ ያቀዘቅዛል፣ እርሾውን ይጨምራል፣ በየሄደ በመጣ ቁጥር እየወዘወዘ አንድ ቀን ያቆየዋል። የብቅሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ከጨመረው ግን ቢሊዮኖቹን ቀቀላቸው ማለት ነው።

በእኔ ግምት ጀማሪዎች ስለ ህዋስ ቆጠራ ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ፣ ስለ ሙቀት ደግሞ ከሚገባው በታች። የሚፈላ ቢራ የራሱ ትኩሳት አለው። ክፍሉ 22 ዲግሪ ቢሆን የበርሜሉ ሆድ ጥቂት ዲግሪ ይበልጣል፤ ለተለመደው የቤት ቢራ ደግሞ 18 እና 20 ዲግሪ ይመረጣል። ሞቅ ካለበት እርሾው ይቸኩልና ራስ የሚያዞር፣ ጉሮሮ የሚለበልብ አልኮል ይጥላል። ጋኗን ከምድጃው ራቅ አድርጋ ቀዝቀዝ ካለው የጓዳ ጥግ የምታስቀምጥ ጠማቂ ይህን ያለ ቴርሞሜትር ታውቀዋለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የዛሬው ደረቅ እርሾ የ1980ዎቹ አይደለም። ንጹሕ ነው፣ ለወራት ይቀመጣል፣ ጥንስስም አይፈልግም። የመጀመሪያውን ጥምቅ በደረቅ የጀመረ ሰው ምንም አልቀረበትም፤ ፈሳሹን የሚፈልገው የሚወደው ቢራ እርሾ በደረቅ ሳይገኝ ሲቀር ነው።

ውጭ አገር ያለው ሐበሻ በዚህ መሃል የራሱን መንገድ ይዟል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ጌሾ ይሸጣል፤ ጠጅ የሚጥል ሰው ማርና ውሃውን ቀላቅሎ እንደ አገሩ ሊጠብቅ ይችላል፣ የሚቸኩል ደግሞ አንዲት የወይን እርሾ ፓኬት ጣል ያደርግበታል። በሁለተኛው ጠጁ በእርግጥ ይደርሳል፣ ከጌሾው ጋር የመጡት ግን ዕድል ሳያገኙ ይቀራሉ። ክላውሰን በ1904 ያስተዋለው ነገር እዚህም አለ።

በ2011 አርጀንቲና ፓታጎኒያ ጫካ ውስጥ፣ በዛፍ እባጭ ላይ የሚኖር የዱር እርሾ ተገኘ። የላገር እርሾ የእሱና የተራው የቢራ እርሾ ዲቃላ መሆኑ ታወቀ። በኋላም ቲቤት ላይ ተገኝቷል፤ ባቫሪያ ጓዳ ድረስ በየት በኩል እንደገባ ገና ይከራከሩበታል። በ2016 ደግሞ 157 የእርሾ ዝርያዎችን የመረመረ ጥናት ወጣ። ብዙዎቹ የቢራ እርሾዎች ከዱር ዘመዶቻቸው ተለይተው ለዘመናት ከሰው ጋር በመኖራቸው ተቃራኒ ጾታን አዳቅሎ የመራባት ችሎታቸው ደክሟል፤ እንደ በግ እረኛ የሚሹ ሆነዋል። ካታሎጉ ላይ የሚጻፈው የከተማ ወይም የጠመቃ ስም ነው። የእንግሊዟ የመንደር ጠማቂ፣ የኖርዌይዋ የገበሬ ሚስት፣ አተላውን ከጥምቅ ወደ ጥምቅ እያሻገሩ ያኖሩት ሰዎች ስም ግን ብዙውን ጊዜ የለበትም።

ከረጢት የገዛ ጀማሪም አንዴ ከጠመቀ በኋላ ሁለተኛ መግዛት ግዴታው አይደለም። ቢራው ሲቀዳ ከበርሜሉ ሥር ወፍራም፣ ክሬም የመሰለ አተላ ይቀራል፤ እርሾው በእጥፍ በእጥፉ ተራብቶ እዚያ ተኝቷል። በተቀቀለ ማሰሮ ይገለበጣል፣ የዝርያው ስምና ቀኑ ይጻፍበታል፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ ፍሪጅ ይገባል፤ ቤተሰቡም የተበላሸ ወተት መስሎት እንዳይደፋው ይነገረዋል። በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲፈለግ ከላይ የተንሳፈፈው ቢራ ይደፋና ይሸተታል። ዳቦ ዳቦ ካለ ወደ አዲሱ ጥምቅ ይገባል። ኮምጣጤ ካለ ይደፋል፣ ከጎረቤት ይለመናል።